ከጀርባ ላይ የተሰጠ ይቅርታ

ደባርቅ ውስጥ የገዱን ፎቅ የማያውቅ የለም። ገዱ እህል ነግዶ ያሠራው ቤት ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ኪራይ። የውጭ ደረጃው ብረት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መደገፊያ የሌለው። ገዱ መደገፊያውን የተወው ብረት ተወዶበት መሆኑን ራሱ ሲያወራ ሰምቻለሁ። የመሬት ክርክር የሚሰማው ችሎት የራሱ ቤት እስኪሠራለት ድረስ እዚያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ፊት ለፊቱ ፎቶ ኮፒ የማነሳባትና ማመልከቻ የምተይብባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በዚያ ደረጃ የወጣና የወረደ ሁሉ በዓይኔ ሥር አልፏል።

ታንጉትን ያወቅኋት ያኔ ነው። ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነበር የምትመጣው። በሕፃንነቷ ትኩሳት ያዛት፤ ሲለቃት እግሮቿን ይዞ ሄደ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በመዳፎቿና በጉልበቶቿ ላይ አስራ በእጇ ትሄዳለች። የበግ ጠጉር ፈትላ ባና ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ትሸጣለች። ንግግሯ አጭር ነው። ቢስቁባትም ቢያዝኑላትም ፊቷ ያው ነው።

የክርክሩ ነገር ቀላል ነበር። እናታቸው ስትሞት የወንዝ ዳሯን የገብስ ማሳ ለታንጉትና ለታላቅ ወንድሟ ለደርቤ ተወችላቸው። ደርቤ እያረሰ ከምርቱ እኩሌታውን ይሰጣት ነበር። መሬት በደብተር ይመዝገብ ሲባል ግን ማረስ ለማትችል ሴት መሬት ምን ያደርግላታል ብሎ ሙሉውን በስሙ አስመዘገበ። እሷም ማሳዬ ከተወሰደ የወንድሜን ሚስት እጅ እያየሁ ልሞት ነው ብላ ከሰሰችው። ክሱን የተየብኩላት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ማልዳ መጥታ ከደረጃው ሥር ተቀመጠች። የችሎቱ ሥርዓት አስከባሪ ከላይ ብቅ ብሎ ስሟን ሲጠራ አለሁ አለች፤ በመንገዱ መኪና ጩኸት አልሰማትም። ከሳሽ ተጠርቶ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ጎማዎቿን አጥብቃ ብረቱን መውጣት ጀመረች። ቀሚሷ እየተያዘባት ትንሽ ወጥታ ቆመች። ደርቤ ቀድሞ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ያለ ክርክር ረትቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ግን እህት በደረቷ እየተሳበች ወንድም ቆሞ ቢያይ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ደግሞ ያገሩ ሰው ሁሉ እያየ ነበር። ወርዶ ጎንበስ አለና አዘላት። ከሳሽና ተከሳሽ እኩል ችሎት ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው እንዲሁ ሆነ። ከደረጃው ሥር የሚውለው ሥራ ፈት መተረቢያ አገኘ። አንዱ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ይቆራኙ ነበር፣ ይኸው ቁራኛ ተመለሰ አለ። ሌላው በሬ ካራጁ ይውላል አለ። ደርቤ አብሮ ይስቃል፤ ታንጉት አትስቅም። አንገቱን አቅፋ ትወጣለች፣ በዳኛው ፊት ሐሰቱን ታጋልጥበታለች፣ ከዚያ ያው ጀርባ መልሶ ያወርዳታል። አንድ ቀን ችሎቱ ለእኔ ሲሆን ታች ይቀመጥልኝ ብላ አመልክታ ነበር። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ደግሞስ ወንድምሽ ያወጣሽ የለም ወይ ተባለች። እኔ ተናደድኩ። እሷ እሺ አለች።

ምስክር ተሰምቶ አለቀና የፍርዱ ቀን መጣ። ለእሷ እንደሚፈረድ ሁሉም ይናገር ነበር። በዚያ ጧት የመንደራቸው ሽማግሎች ደረጃው ሥር ቆመው አየኋቸው። ከፊት በእናታቸው ፍትሐት ላይ የቆሙት መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ። ደርቤ እህቱን አዝሎ ጥቂት እንደወጣ ቆመ፤ መሪጌታም ቀና ብለው ተናገሩ።

«ልጄ ታንጉት፣ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ይኸ ወንድምሽ አንቺን ተሸክሞ ቆሟል። ከዚህ የከበደ ምን ድንጋይ ይሸከም? ማሳው ከእሱ ዘንድ ይቆይ፤ እሱም በየመኸሩ ገብስሽን ይስፈርልሽ። ይቅር በይው።»

በእኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ ያለ በማኅበርም በቀብርም ብቻውን ይቀራል። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደርቤ መሬት መሬት ያያል። አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«አውርዱኝና ልናገር፣ አባ» አለች።

ማንም አላወረዳትም። ከላይ ስሟ ተጠራ። ደርቤ አልተነቃነቀም። እንደገና ተጠራ።

«ይቅር ብያለሁ» አለች።

ያኔ ይዟት ወጣ። ዳኛው ዘመድ ከዘመዱ ብለው፣ ደስ ብሏቸው እርቁን መዘገቡ። ስትወርድ ሱቄ ደጃፍ ላይ አስቀመጣትና ሚኒባስ ሊፈልግ ሄደ። እኔ ከንዴቴ የተነሣ የያዝኩትን ወረቀት ጨምድጄው ነበር። ፍርዱ እጅሽ ሊገባ ምን ቀርቶት ነው ይቅር ያልሽው አልኳት።

«ከጀርባው ላይ ሆኜ እምቢ ብል በየት እወርዳለሁ?» አለችኝ። እንባ የላት፣ ቁጣ የላት። ከጎማዋ ላይ ጭቃ ትፍቅ ነበር።

ደርቤ ቃሉን አልበላም፤ ገብሱን ሰፈረላት። ዝናም ሲያንስ ገብሱም አነሰ፤ ልጆቹ ሲበዙ ደግሞ ይበልጥ አነሰ። ታንጉት ስለ ማሳው ሲነሣ የሌላ ሰው ወሬ የምትሰማ ነበር የምትመስለው።

ዓመታት አለፉ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠራ ቤት አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው የሚል አዋጅ ወጥቶ ስለነበር፣ አዲሱ የችሎት ቤት ሲሠራ ከደረጃው ጎን በሲሚንቶ ሰፋ ያለ ተዳፋት ተበጀለት። እኔም ሱቄን ወደዚያው አዛወርኩ። ለምረቃው አካል ጉዳተኞች ይጋበዙ ተብሎ ታንጉትም ተጠራች። ያኔ የተለገሰች ዊልቸር ነበረቻት። ደርቤ ከሚኒባስ አውርዶ ዊልቸሯ ላይ አስቀመጣትና፣ ደረጃው ሥር ሲደርሱ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቷት ጎንበስ አለ። በጎኑ አልፋው ሄደች።

በተዳፋቱ በዝግታ ወጣች። በር ላይ ያለው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ተቀበላት።

«እናቴ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«ጉዳይ የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«ስሜ ሲጠራ የምደርስ መሆኔን ልይ ብዬ ነው።»

ልጁ አልገባውም። ጉዳይ የሌለው ሰው በሩን እንዳይዘጋ ለመናት። እሺ አለችና ዊልቸሯን አዞረች። ደርቤ ታች እንደቆመ ነበር። መውረዱ ቀላል ነው፤ ማንም አልያዛትም።