ነጭ አንሶላና የናፍጣ ጥላሸት

ሐሙስ

ሐዋሳ የሄድኩት ሐይቅ ዳር ልንሸራሸር አልነበረም፤ የጄኔሬተር ጭስ ልለቅም ነው። ይዤው የተነሳሁት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅባቸው ሽቦዎችና ዝርግ ብረቶች አሉ። የናፍጣ ጭስ በመካከላቸው ሲያልፍ ጥላሸቱ ብረቶቹ ላይ ይለጠፋል። ብረቶቹን አዲስ አበባ መዝኛቸዋለሁ፤ ስመለስ ዳግም እመዝናቸዋለሁ። ልዩነቱ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ያለ እሱ አልመረቅም።

የአውቶብሱ ረዳት ከጎኔ ያስቀመጥኩትን ሳጥን አየና «ወንበር ከያዘ ሰው ነው» ብሎ ሙሉ ዋጋ አስከፈለኝ። ጣሪያ ላይ ቢጫን ሽቦው ይበጠሳል፤ ምን አማራጭ አለኝ? እስከ ሻሸመኔ ድረስ የአውቶብሱ ጭስ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ፣ ተሳፋሪው «ንፋስ ይመታናል» ብሎ መስኮት አላስከፍት አለኝ። ጭስ ለቃሚው ጭስ ጠግቤ ሐዋሳ ገባሁ።

አርብና ቅዳሜ፣ ሐዋሳ

ያረፍኩት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ትንሽ ሆቴል ነው። ሳጥኑን ከጭስ ማውጫው ጋር ገጠምኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጠፋ የከረመው መብራት ታዲያ እኔ ስደርስ አልጠፋም አለ! አገር ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ያማርራል፤ እኔ «ምነው በጠፋልኝ» እያልኩ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ።

«ልጄ፣ ክፉ አትመኝ» አሉኝ የሆቴሉን አንሶላ የሚያጥቡት ወይዘሮ ማርታ። የልብስ ገመዳቸው ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው። «ይሄ ነገር በተነሳ ቁጥር ያጠብኩት ይጠቁራል። ደግሜ አጥባለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ፤ እስከ ቅዳሜ ምሽትም አልመጣም። ሳጥኑ ሠራ።

እሁድ

ጠዋት ብረቶቹን ፈትቼ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ሳያቸው በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ግቢው ውስጥ ደርድሬያቸው መጠቅለያ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ያብለጨልጫሉ።

«ምን አደረጉ፣ እትዬ ማርታ!»

«እንዴ! እንግዳ ዕቃውን እንደቆሸሸ ይዞ ይሄዳል እንዴ? በሳሙና ፈትጌ ነው ያጠብኩልህ። ሌላ በምን ውለታህን እመልሳለሁ? ይኸው ሳጥንህ ጥላሸቱን ይዞልኝ የትናንቱ አንሶላ እንደነጣ ዋለ። ጌታ ይባርክህ።»

ራሴን ይዤ ቆምኩ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ አንሶላው እውነትም ነጭ ነበር። ንዴቴን የማራግፍበት ሰው አጣሁ።

ሳጥኑን ስሸክፍ «ይዘኸው ልትሄድ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። የምማርበት ኮሌጅ ንብረት መሆኑን ነገርኳቸው። ገመዱ ላይ ያለውን አንሶላ ሁሉ ለቃቅመው ወደ ቤት አስገቡ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ብረቶቹን መዘንኩ፤ ሚዛኑ ያንኑ የቀድሞውን ቁጥር አሳየኝ። ስለ አንሶላው ለአስተማሪዬ ነገርኳቸው። «አንሶላ አይመዘንም፤ ሄደህ ድገመው» አሉኝ። ከጉዞው የተማርኩት ቢኖር፣ የለፉበትን ቆሻሻ እንግዳ አክባሪ ሰው ባለበት ግቢ ትቶ ሱቅ መሄድ እንደማይገባ ነው።

ሆቴሉ ደውዬ ወይዘሮ ማርታን አስጠራሁ። ሐሙስ ሳጥኑን ይዤ እንደምመለስ ነግሬ፣ ብረቶቹን በፈጠረዎት እንዳይነኩብኝ ስል ለመንኳቸው።

«አልነካም ልጄ፣ አልነካም። አንሶላውን ግን ረቡዕ ልዘፍዝፍ?»