መሬት የገባው ዝግባ

ዝግባ ለአናጢ ደግ እንጨት ነው። ቀላል ነው፣ ጉጥ አይበዛበትም፣ መላጊያው ሳይደናቀፍ ይሄድበታል። ለበርና ለመስኮት ከእሱ ሌላ አልመርጥም። እርጥብ መሬት ግን አይችልም። ይህን እያወቅሁ፣ በደርግ ጊዜ ጥድ አጥቼ፣ ጉለሌ ያለውን የቤታችንን ምሰሶ በዝግባ ተከልሁ።

አምስት ክረምት ቆመ። በስድስተኛው፣ ሐምሌ ላይ፣ የምሰሶውን እግር ብነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ጣሪያው ወደ እናቴ አልጋ ዘምሟል። እናቴ ወገቧን ታማ ከተኛች ዓመት ሆኗታል፤ ልናነሳት ስንሞክር ትጮሃለች።

ቀበሌ ሮጥሁ። ጥድ ያለ ፈቃድ አይገኝም ነበር።

«ማመልከቻህን አስገባና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ» አለኝ ጸሐፊው።

«ጣሪያው ሁለት ሳምንት አይጠብቀኝም፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ ቀርቷል። ጓድ በል።»

በዝናብ ተመለስሁ። ሸማኔው ጎረቤቴ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ፣ «አንተ፣ የሰው ቤት ስታቆም ኖረህ የራስህ ሊናድብህ ነው?» አለኝ። እንዲህ መቀለድ ልማዱ ነው። ፊቴን ሲያይ ግን ጋቢውን ጥሎ መጣ።

ዓይኔ የግቢው በር ላይ አረፈ። ሁለቱን የጥድ ቋሚዎች አባቴ የተከላቸው እኔ ሳልወለድ ነው። ቆፍረን ስናወጣቸው፣ መሬት ውስጥ የነበረውን እንኳ ምስጥ አልነካውም።

ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈን የበሰበሰውን እግር ቆረጥሁ፤ በቦታው ጥዱን ልቀጥል። ጥድ ደግሞ ደረቅ ነው፣ አስቀድመህ ካልበሳኸው በምስማር ይሰነጠቃል። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ! ቸኩዬ ሳልበሳው ምስማሩን መታሁት። ከአናቱ እስከ እግሩ ለሁለት ተከፈለ። ድጋፉም ጭቃው ላይ ተንሸራተተና እናቴ ላይ አፈር ረገፈ።

«ልጄ፣ እኔን ተዉኝና ውጡ» አለች።

ሸማኔው ግንዱን በትከሻው ደግፎ፣ «ቀስ በል፣ ይዤዋለሁ፤ ሌላ ጥድ የለንም» አለኝ። እግሩ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ አየዋለሁ። እያለቀስሁ የቀረውን ሁለተኛ ቋሚ በመሰርሰሪያ በሳሁት፤ እንደዚያ ቀን ዝግ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። በቡሎን አሰርነው። ጣሪያው ቆመ።

«ጥድ ጥድ ሸተተኝ» አለች እናቴ። «ከየት አገኘህ?»

«ተገኘ፣ እማዬ።»

መስከረም ላይ አስከሬኗ የወጣው በር ከሌለው ግቢ ነው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው የአባቴ በር የቆመ ይመስላት ነበር።