ፍሪጅ ይዤ መስክ የወጣሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛ ከጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክላ ልታድር ስለተነሣች፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ እንምረጥ ብላ ይዛኝ ወጣች። ሻጩ ወጣት ሦስት ፍሪጆች ደርድሮ ስለ ቀለማቸውና ስንት ጠርሙስ እንደሚይዙ ብዙ አወራ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። «ተዳፋት ላይ ይሠራል?» አልኩት። ልጁ ቤዛን አየ፤ ቤዛ ጣሪያውን አየች። «እማማ፣ ፍሪጅ እኮ ነው» አለኝ፣ በጣም በትሕትና። እንዲህ ያለው ትሕትና ያናድደኛል። ሰው ሲያረጅ ጥያቄው ሁሉ የጃጀ ይመስላቸዋል። እኔ ያንን ጥያቄ የተማርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሳለቅስም ስገፋም።

ዘመኑ ደርግ ነበር። ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ራሱ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ ነው። ስኳር በሽታ የያዘኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በየጠዋቱ የመስታወት መርፌዬን በጣሳ ቀቅዬ ራሴን እወጋለሁ፣ ከዚያ ቁርሴን በልቼ አፈር ወደሚያጠናው መሥሪያ ቤታችን ቁልቁል እወርዳለሁ። ሥራዬ የላቦራቶሪ ረዳት ነበር። እዚያ ቤት ሰው የሚባለው መስክ የወጣ ነው። መስክ ያልወጣ ሌሎች ያመጡትን አፈር ይመዝናል፣ ጠርሙስ ያጥባል። እኔ ሦስት ዓመት ጠርሙስ አጠብኩ።

የመስክ ተጓዦች ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስሜን ፈልጌ አጣዋለሁ። ኃላፊያችን ዘንድ ስገባ መልሱ አንድ ነው።

«ጓድ ጽጌ፣ መድኃኒትሽ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ፍሪጁ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ቆላ ውስጥ መብራት ከየት አመጣልሻለሁ? ላንቺው ብዬ ነው።»

በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበረን። ሰው ይነሣና ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናዘዛል፤ የረሳውን ደግሞ ሌሎች ይጨምሩለታል። እኔ መስክ ካልወጣሁ ብዬ በመጨቅጨቄ «የግል ፍላጎቷን ከሥራው አስቀድማለች» ተባልኩና ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ተነሣሁ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ አፍ መክፈት እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም።

«ጥፋቴ» አልኩ፣ «ሦስት ዓመት ጠርሙስ ሳጥብ እዚህ ስብሰባ ላይ ዝም ማለቴ ነው። አሁን ልጠይቅ። ያለ ቤት መብራት የሚሠራ ፍሪጅ ባመጣ ስሜን ይጽፉታል?»

ኃላፊያችን ሳቀ። «አምጪና እንጽፋለን» አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እንደ ልማዱ የተባለውን ሁሉ ጻፈ። እኔም የፈለግሁት ይኸንኑ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋሽ በላቸው አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሊመለስ የቤት ዕቃውን እየሸጠ መሆኑን ነገሩኝ፤ አብረንም ሄድን። ሁለት ፍሪጅ አወጣልን። አንዷ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ መኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካ ነበረች። ሁለተኛው ነጭና ከባድ ሆኖ ምንም ድምፅ የለውም፤ መኪናው ሲሄድ ከባትሪው፣ ሲቆም ከቡታጋዝ ሲሊንደር ይሠራል። ጋሽ በላቸው ትንሿን ወደዷት። «ይቺ ቀለል ያለች፣ ጨዋ ናት» አሉ። እኔ ግን ሰውዬውን ምን ያህል እንደምታቀዘቅዝ ጠየቅሁት። እውነተኛ ሰው ነበርና፣ የውጭው አየር በጣም ከሞቀ የእሷም ሆድ እንደሚሞቅ ነገረኝ። ነጩስ? በረዶ ይሠራል አለ። ነጩን መረጥኩ።

ተሸካሚው ያንን ሣጥን ቁስቋም ድረስ ሽቅብ ሲያወጣ እግረ መንገዱን ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች እንኳ ቆመው አዩት። ሣሎን አስቀምጬ እሳቱን ለኮስኩ፣ ውስጡም አንድ ጣሳ ውሃ አኖርኩ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃውን ብቀምሰው ለብ ብሏል። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየመጡ ጣታቸውን ከተቱበት። «ፈረንጁ ሸወዳት» አለች አንዷ፣ እኔ እየሰማሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። የኃላፊያችን ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ግንበኛ ነው። ከሥራ ገብቶ፣ የመሣሪያ ከረጢቱን ከትከሻው ሳያወርድ ሣጥኑን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ከዚያ ውሃ ልኩን አውጥቶ አናቱ ላይ አጋደመው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ አንዱ ጥግ ሄዳ ተወሸቀች።

«ልጄ» አለ፣ «ፍሪጁ ደህና ነው። የዘመመው ቤታችን ነው።»

«ቤቱን የሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አባባ?»

«እኔ ነኝ። ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቁልቁለቱ ቀስ እያለ ጎተተው። ሃያ ዓመት ኖረንበት እግራችን ስለለመደው አይታወቀንም።»

የቁስቋም ሰው እንዲህ ነው። ዘሞ ተወልዶ ዘሞ ያድግና ዓለም ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል። ሰውዬው ከፍሪጁ ጋር የሰጠኝ መመሪያ ላይ ሥዕሉ ነበር፤ ሣጥኑ ሲያዘነብል በትልቅ ኤክስ ተሰርዟል። እኔ ቤታችን ያዘነበለ ስላልመሰለኝ አልፌው ነበር። አባቴ ከሥሩ የድንጋይ ፍንካች እየሸጎጠ አረፋዋን መሐል አመጣት። በማግሥቱ ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ልትሳለቅብኝ ለመጣችው ጎረቤታችን ቆርጬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

ስሜ ተጻፈ። እየሳቀ የገባው ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ስለነበር ኃላፊያችን ማምለጫ አጣ። ጋራዡ ፍሪጁን መንገድ እንዳይጥለው ከላንድሮቨራችን ወለል ጋር በብሎን አሰረው። መድኃኒቴ በረዶ እንዳይነካው በካልሲ ጠቀለልኩት፣ የአባቴን ውሃ ልክም ያዝኩ። ጉዞውን የሚመራው ኃላፊያችን ራሱ ነበር።

ቆላ ገብተን ድንኳን ስንተክል ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ለራት የያዝነው የእንጀራ ድርቆሽ በበርበሬ ውሃ እየራሰ፣ ሙቀቱ ሸሚዛችንን ከጀርባችን ጋር አጣብቆት ነበር። ጋሽ በላቸው መኪናውን አፍንጫውን ቁልቁል ደፍተው አቆሙት። ውሃ ልኩን ፍሪጁ ላይ ባኖር አረፋዋ ጠፋች።

«ጋሼ፣ ሜዳው ላይ ያቁሙልኝ።»

«ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ሞቷል፣ ልጄ። መለዋወጫም የለ። ቁልቁል ካልተንደረደረ አይነሣም። ጠዋት ማን ያስነሣልኛል?»

«እኔ እገፋዋለሁ።»

ኃላፊያችን ሰማን። «ይሄን ነበር የፈራሁት» አለ። «ነገ የሚመለስ ጭነት መኪና ሲገኝ ትመለሻለሽ።»

«ነገ ላንድሮቨሩ ካልተነሣ እመለሳለሁ» አልኩት። «ከተነሣ ግን እስከ መጨረሻው ቀን እቆያለሁ።»

ጋሽ በላቸው ጺማቸውን አከኩና ወደ ሜዳው ነዱት።

ጠዋት መድኃኒቴ ቀዝቃዛ ነበር። ተወጋሁ፣ በላሁ፣ ከመኪናው ኋላ ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁት። አልነቃነቅ አለኝ። ባልደረቦቼ የሻይ ጣሳቸውን ይዘው ያዩኛል። ኃላፊያችን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ይውረዱልኝ። ይከብዳሉ።»

ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ አንድ ሰው ግን ሳቀ። ከዚያ ጣሳዎቹ መሬት ተቀመጡ፣ ከግራና ከቀኜ እጆች መጡ። ኃላፊያችን ወረደ። መኪናው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክንመለስ ድረስ በየጠዋቱ ገፋን፤ እኔም የቆፈርኩትን አፈር በገዛ እጄ ከረጢት ሞላሁ።

የዚያን ዘመን ባልደረቦቼ ሲያገኙኝ ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም ይሉኛል። እኔም ክፉ ነበር አልልም። በእውነት የተጨነቀልኝ ይመስለኛል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ያን ሁሉ አፍ የከፈትኩት እየፈራሁ ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጨነቅልኝ፣ ደጁ እየተመላለስኩ እንኳ፣ መሄድ እፈልግ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ይቅር ያላልኩት ይሄንን ነው፤ ወደፊትም አልልም።

በዚህ ሳምንት ለስኳር ክትትል ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች እናት ከአሥራ አራት ዓመት የማትበልጥ ልጇን እያሳየች፣ «ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ይሄዳል፣ እኔ ግን ፈራሁ፤ እርስዎ የቆዩበት ነዎት፣ ብትቀር አይሻልም?» አለችኝ። ወደ ልጅቷ ዞርኩና «አንቺስ፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ልጅቷ እናቷን አላየችም። «በጣም» አለች።