ከጭነት መኪናው ላይ ያወረድነው የምስል ማረጋጊያ

ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ የተነሣነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ የተላክሁት መቐለ ያለ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሄጄ፣ አሮጌዎቹን የቪዲዮ መሣሪያዎች «አይሠሩም» ብዬ ፈርሜ እንድመለስ ነበር። ሥርጭቱ ወደ ዲጂታል እየተቀየረ ስለሆነ አሮጌው ሁሉ በቁርጥራጭ ብረትነት ይሸጣል ተብሏል። ሳልሞክር እንድፈርም መፈለጋቸው አናደደኝ። ስለዚህ የአሮጌ መሣሪያ ምስል ተቀብላ ወደ ዲጂታል የምትለውጥ አንዲት ትንሽ መቀየሪያ በራሴ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር። አለቃዬ አላወቁም።

ወልድያ አድረን በማግስቱ አላማጣ ቁርስ በላን። ሙቀቱ በጧቱ ይጋረፋል። አውቶቡሱ የግራካሕሱን ተራራ ጠመዝማዛ ሲያያዘው መቀየሪያዋ እንዳትጋጭ አውጥቼ አቀፍኳት። አጠገቤ የነበሩት የማይጨው ሴት፣ «ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ እንደ ሕፃን የታቀፍሽው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሠርቶ ከተገኘስ አይቆጡሽም?» ብለው ሣቁ።

እኔም ሣቅሁ፤ መቀየሪያዋን ግን አጥብቄ ያዝኳት። ኮረም ስንደርስ ሙቀቱ ቀርቶ ነጠላዬን ደርቤ ተጠቀለልኩ።

መቐለ

ስቱዲዮው ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የተቀበሉኝ የፕሮግራም አዘጋጇ ለተይና ቴክኒሻኑ ሓፍቶም ናቸው። «እንቋዕ ደሓን መጻእኪ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ» አለችኝ ለተይ፤ እጄን እንደያዘች ወደ ካሴቶቹ ክፍል ወሰደችኝና አንዱን አወረደች።

«እኚህ የቁሓ ሽማግሌ ናቸው፤ ጭራ ዋጣ፣ እናንተ መሰንቆ የምትሉትን፣ ይጫወቱ ነበር። ዐርፈዋል። ከዚህ ካሴት በቀር የተቀረጹበት የለም። ማጫወቻው ከተሸጠ በምን እናያቸዋለን?»

ማጫወቻውን ከመቀየሪያዋ፣ መቀየሪያዋን ከአዲሱ የዲጂታል መሥመር ጋር አገናኘን። ሽማግሌው ብቅ አሉ፤ ወዲያው ምስሉ ተቆራረጠና ጠቆረ። ደጋግመን ሞከርን፣ ያው ነው።

«ካሴቱ አርጅቶ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይቺ መቀየሪያ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ምስል አትቀበልም» አልኩ። «የምስል ማረጋጊያ አልነበራችሁም?»

የሓፍቶም ፊት ተለወጠ። «ነበረን። ጠዋት ለብረት ገዢው ወደ ግቢ አውጥተነዋል።»

ሮጠን ስንወጣ ማረጋጊያው ጭነት መኪና ላይ ወጥቷል። የንብረት ክፍል ኀላፊው አቶ ኪሮስ፣ «ትእዛዙ የአዲስ አበባ ነው» አሉ።

«ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልፈረምኩም።»

ደውለው አለቃዬን አገናኙኝ።

«ፈርመሽ ነይ» አሉኝ።

«ሳልሞክረው አልፈርምም።»

«አሮጌ ዕቃ ዲጂታል አይሆንም።»

«አይተውታል?»

ስልኩን ዘጉት። ለተይ ከመኪናው ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔና ሓፍቶም ማረጋጊያውን ተሸክመን አወረድነው። አቶ ኪሮስ አላገዙንም፤ አልከለከሉንምም።

ከፍተን ስናየው የኤሌክትሪክ መቀበያው ላይ አንድ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ቁራጭ፣ አብጧል። ሓፍቶም ከገበያ፣ ከሬድዮ ጠጋኝ፣ ተመሳሳዩን ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ለተይ ያስመጣችውን ጥሕሎ ከበን፣ የገብሱን ድብልብል በእንጨት ሹካ እየወጋን ከቀዩ ወጥ እያጠቀስን በላን። ከዚያ ብየዳው ተጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ምስሉ ከማጫወቻው ወደ ማረጋጊያው፣ ከዚያ ወደ መቀየሪያዋ አለፈ። ሽማግሌው ወጡ፤ አልተንቀጠቀጡም። አዲሱ ስክሪን ሰፊ ስለሆነ ግን ግራና ቀኛቸው ጥቁር ሆነ።

«እንለጥጠው?» አለ ሓፍቶም።

«ተወው፤ ፊታቸው ይጠፈጠፋል።»

በማግስቱ ምሽት ሽማግሌው በዲጂታል ሥርጭቱ ተላለፉ። ለተይ ቆማ አየች። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልክ ጮኸ፤ የሽማግሌው ልጅ ነበረች፣ ከቁሓ። «አባቴን አየሁት። ልጆቼ አያውቁትም ነበር፤ ነገ ድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት።

የመልስ ጉዞ

ሳልፈርም፣ መቀየሪያዋንም እዚያው ትቼ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ስገባ እግሬ አብጦ ነበር። ቢሮ እንደገባሁ አለቃዬ ከትእዛዝ ውጪ በመሥራቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ስለ ምስሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቀላል ነገር ነው፤ «አይሠራም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከፍቶ አይቶት እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ማስጠንቀቂያውን ተቀብያለሁ። ጥፋቱን ግን አልተቀበልኩም።