የበቆሎ ፍሬ የምታክል እርሳስ

ባለፈው ሳምንት ቀበሌው መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ ቀርቦ ያስመዝግብ ብሎ ለፈፈ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲለፈፍ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሊነጥቁን ነው የሚል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አልሄድኩም። በሁለተኛውም አልሄድኩም። የሄዱት ጠመንጃቸውን ይዘው ሲመለሱ መንገድ ዳር ቆሜ ካየሁ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን የእኔን በጆንያ ጠቅልዬ ወረድኩ።

መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት፣ ከሚዛን የመጣች። ጆንያውን ስፈታው ሳቋ መጣ። «አባባ፣ ይቺ ምን ትገድላለች? ለወፍ ነው የገዟት?» አለችኝ። አንዷን ጥይት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላት። ከትንሿ ጣቷ ጋር ለካቻት። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። ከዚያ ቅጹን ታነብልኝ ጀመር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተመረጠበት ምክንያት። ለምክንያቱ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ነው። «ቆይ ላስብበት» ብዬ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠመንጃ ልገዛ የተነሣሁ ጊዜ ደርግ ከወደቀ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም፣ ሚስቴን አስካለን ካገባሁም ብዙ አልቆየሁም። መሬታችን ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ወደ ላይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ በቆሎዬ፣ ከበቆሎው በታች ቡናዬ በጥላ ዛፍ ሥር፣ ከቡናው በታች የሸምሱ ቤት። ቤቱ ከላይ አይታይም። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ብቻ ከዛፎቹ መሃል ሲወጣ ይታያል።

የሸምሱ ቤተሰብ ከጅማ በኩል የመጡ ናቸው። ሸምሱ በገበያ ቀን ሚዛን ወርዶ ጨርቅ ይሸጣል፣ በሌላው ቀን ቡናውን ይኮተኩታል። ከእሱ ጋር በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተን ነበር። እኔ ቦዩን ወደ መሬቴ ገፋኸው እለዋለሁ፣ እሱ ዝናብ ነው የገፋው ይላል። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀን። አፋችን ታረቀ እንጂ ሆዳችን እንደነበረ ነው።

እናቱ ግን ሌላ ናቸው። አዴ ዘሃራ ይባላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው፣ በእነሱ ቋንቋ እመት እንደማለት። እኛ ቁልቁለት ላይ የምንሠራ ሰዎች ያደግንበት አንድ ሕግ አለ። ግንድ ወይም ድንጋይ ከመልቀቅህ በፊት «ታች ሰው አለ?» ብለህ ሦስት ጊዜ ትጣራለህ። መልስ ሳትሰማ አትለቅም። መሬቱን ስመነጥር ለእኔ ከታች የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ አዴ ዘሃራ ነበሩ። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ደጃፋቸው ካለው ምሰሶ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን እላይ በቆሎው ድረስ ይሰማል። «ቆይ፣ ልነሣ» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ገብቻለሁ፣ ልቀቅ ልጄ»። ከልጃቸው ጋር በተኳረፍንበት ወራት እንኳ አንድ ቀን መልስ አላስቀሩብኝም።

በዚያ ዓመት ዝንጀሮ ጠናብን። በቆሎው ገና ጸጉር ሲያወጣ ከጫካው ይወርዳሉ። ቆርቆሮ ብንመታ ለመዱት። ውሻዬን ሆዱን ዘርግፈው ጣሉት። አስካለ ዱላ ይዛ ስትወጣ ሴት መሆኗን አይተው ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ አንዱ ትልቁ ወንድ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እሸቷን እየላጠ በላ። ማታ «ዛሬ እንደ እንግዳ አስተናገድኩት» አለችኝ፤ አልሳቀችም። የዓመት ቀለባችን ነው። ያ በቆሎ ካለቀ ቡናውን ገና ሳያፈራ በአበባው በርካሽ መሸጥ ነው የሚቀረን። ስለዚህ ከቀበሌው የድጋፍ ወረቀት አጽፌ ጠመንጃ ልገዛ ተነሣሁ።

የጭነት መኪና ስጠብቅ ሸምሱ መጣ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ቴፒ።»

«ምን አለህ ቴፒ?»

«ጉዳይ።»

እኔ ቴፒ ጠመንጃ ልገዛ እንደምሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ቀን ለእሱም ጉዳይ ተፈጠረለት። ጆንያ ላይ ወጥተን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። ጆንያው ኮረሪማ ነበር፤ እስካሁን ኮረሪማ ሲሸተኝ የዚያ ቀን ጥርጣሬዬ ይመጣብኛል። ዝናቡ ሌሊት ጥሎ ስላደረ መኪናው ሁለት ቦታ ሰመጠ፤ ወርደን ገፋን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አንድ መንደር ስንደርስ ሸምሱ ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ ገዝቶ ግማሹን ዘረጋልኝ። ርቦኝ ነበር። አልበላሁም። ነገር ያለበት ጎደሬ መሰለኝ። «ተወው፣ ለሆድህ ብለህ እንዳትታረቀኝ» ብሎ የእኔንም ድርሻ በላው።

ሻጩ ባሻ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው አዳኝ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ስለያዛቸው የቀሯቸውን ሁለት ጠመንጃዎች ሊሸጡ ነው። ጓሯቸው ሙዝ ነው። ቁርበት አንጥፈው ሁለቱን አጋደሙልኝ። ሁለቱም መቀርቀሪያቸው ወደ ኋላ እየተሳበ ጥይት አንድ አንድ የሚጎርሱ ናቸው። አንደኛዋ ምንሽር ናት፣ ረጅም፣ ከባድ፣ ሰደፏ በሰው ትከሻ ያረጀ። ሁለተኛዋ ቀጭን ናት፤ ስሟን ባሻም አያውቁትም።

«ይቺ ለዝንጀሮ ናት» አሉ ቀጭኗን አንሥተው።

«ያቺስ?»

«ያቺ ለጎሽ ናት። ጠብ ሲኖር ደግሞ ለሰው። ያንተ ጠብ ከማን ጋር ነው?»

«ከዝንጀሮ።»

«እንግዲያው ምን ታፈጣለህ? ይቺን ውሰድ።»

አባቴ «ሻጭ አብዝቶ ያመሰገነልህን በሬ ጥርሱን እይ» ይል ነበር። ጥርሷን ልይ ብዬ ጥይቷን ጠየቅሁ። ሁለት ፓኮ አወጡ፤ ሁለቱም የቀጭኗ ናቸው። የአንደኛው ጥይት እርሳስ የበቆሎ ፍሬ ታክላለች፣ የሁለተኛው ረዘም፣ ከበድ ይላል። ባሻ የጎደሬ ቅጠል በሰማንያ እርምጃ ላይ ሰቅለው በቀጭኗ ጠመንጃ፣ በትንሿ እርሳስ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስቱም መዳፍ በማትሞላ ቦታ ገቡ። ከዚያ በከባዱ ሦስት ተኮሱ። አንዱ ጠርዙን ነካ፣ አንዱ ከታች በኩል ገባ፣ አንዱ የት እንደሄደ አላገኘነውም።

«አየህ፣ የአፈሙዟ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ለቀላል እርሳስ የተቆረጠ ነው። ከባድ ብታጎርሳት ትበትነዋለች።»

«ጠመንጃም እንደ ሰው ምግብ ይመርጣል?»

«ይመርጣል። ይቺ ቀላል ነው የምትበላው። ቀላሉ ደግሞ ፈጣን ነው። ሥጋ ሲነካ እዚያው ይበተናል፣ አልፎ አይሄድም።»

እኔ ግን በከባዱ ሆን ብለው የሳቱ መሰለኝ። ተቀብዬ ራሴ ተኮስኩ። እንደሳቸው ሆነ። ከዚያ ደግሞ ባሩዱን ጠረጠርኩ፤ የእኛ አገር ርጥበት እንኳን ባሩድ ሰውም ያሻግታል። «በሙዝ እንፈትን» አልኩ። ጥይት የሚፈትን ሰው እዚህ አገር የሚያምነው የሙዝ ግንድ ነው። ሦስት ቆረጥን፣ አንዱን ካንዱ ኋላ አቆምን። ቀጭኗ የመጀመሪያውን ግንድ ውስጡን ገንፎ አደረገችው፤ ሁለተኛው ላይ ጭረት ብቻ። ምንሽሯ ሦስቱንም በስታ ከኋላ ካለው ገደል አፈር አስነሣች።

«ይቺ ናት ጠመንጃ» አልኩ።

ሸምሱ እስከዚያ አጥር ተደግፎ ያይ ነበር። «ወርቁ፣ ሦስት ዝንጀሮ ተሰልፎ አይጠብቅህም» አለኝ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን ትንሿ ትበቃለች።»

ያን ጊዜ ነቃሁ ብዬ አሰብኩ። ጎረቤቴ ደካማ ጠመንጃ እንድይዝ ለምን ይፈልጋል? ወይ ከባሻ ጋር ተካፋይ ነው፣ ወይ ለቦዩ ጠብ አስቦበታል። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ቤቱ ስዞር ደግሞ ሸምሱ ባሻን ክንዳቸውን ይዞ ጆሯቸው ሥር ሲያንሾካሹክ አየሁት። ሲያየኝ ዝም አለ። አለቀ። ምንሽሯን ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር የሙዙ ግንድ ምክንያት ነው እንጂ፣ ሸምሱ ትንሿን ስለወደዳት ትልቋን ወሰድኩ።

ሸምሱ ከቴፒ ጨው ብቻ ገዝቶ ተመለሰ። ጨው ሚዛንም አለ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ጭስ ታስነሣለች። ከበቆሎው ራስ በርከክ ብዬ ጠበቅኩ። ያ አስካለ ፊት የበላው ወንድ ከበቆሎው ግርጌ ካለ ጉቶ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ተኮስኩ። ወደቀ። ሌሎቹ እየጮኹ ወደ ጫካው ነጎዱ። አስካለ ከቤት ወጥታ እልል አለች። እኔም ኮራሁ፤ ሸምሱ ይህን በሰማ ብዬ ኮራሁ።

ዝንጀሮውን ልገለብጠው ስሄድ ከቡናው መሃል ሸምሱ ሲወጣ አየሁት። እያለከለከ ነው፣ ጫማ አላደረገም። ፊቱ አመድ ሆኗል። እጁን ዘረጋልኝ፤ መዳፉ ላይ የተጣመመ እርሳስ አለ፣ እንጨት የተጣበቀበት።

«ዕቃህ ታች ወድቆ አገኘሁት» አለኝ።

«የት?»

«እናቴ ከምትደገፍበት ምሰሶ። ከራሷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። በቢላ ነው ያወጣሁት።»

«እሳቸውስ?»

«ስንጥሩ ሻሿ ላይ ነው። ደህና ናት።» እርሳሱን እጄ ላይ ጣለው። «ምን እንዳለች ልንገርህ? ድንጋይ መስሏታል። ‹ወርቁ ዛሬ ምነው ሳይጣራ ለቀቀ?› አለችኝ።»

ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። የሞተው ዝንጀሮ አጠገቤ ነው። ለድንጋይ ሦስት ጊዜ የምጣራ ሰው ለጥይት አንድ ጊዜ አልተጣራሁም። ቤቱ ስለማይታየኝ የሌለ አድርጌው ነበር። ጭሱን ግን በዚያን ጠዋትም አይቼዋለሁ።

«ቴፒ ላይ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ኋላ።

«ብነግርህ ምን ትል ነበር?»

የምለውን እሱም እኔም እናውቀዋለን።

ወርጄ የአዴ ዘሃራን ጉልበት ሳምኩ። ስንጥሩን ከሻሻቸው አልለቀሙትም ነበር፣ እኔ ለቀምኩት። የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው ሰጡኝ፤ እኛ ጨሞ የምንለውን። «ልጄ፣ አንተ እኮ ጥሩ ተጣሪ ነህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ምንሽሯን ይዤ ቴፒ ሄድኩ። በዚህኛው ጉዞ ሸምሱ የለም። ባሻ ደምሴ በር ላይ እንዳዩኝ ቀጭኗን ሊያመጡ ገቡ። ተለዋወጥን። ወደ መንገዱ ሲሸኙኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ያ ጓደኛህ ያን ቀን ለምኖኝ ነበር። ‹ባሻ፣ ትንሿን እንዲወስድ ያድርጉልኝ፣ እናቴ ታች ናት። ግን እኔ እንዳልኩ አይንገሩት፤ ከእኔ እንደመጣ ካወቀ ያንኛዋን ይወስዳል› አለኝ።»

ስመለስ ያ ጎደሬ ከሚሸጥበት መንደር ሁለት ድርሻ ገዝቼ በቅጠል አስጠቀለልኩ። እቤት ሲደርስ ቀዝቅዞ ደርቋል። ሸምሱ አገላበጠና «ነገር የለበትም?» አለኝ። በላው። ስለ ቦዩ እስኪሞት ድረስ አልተስማማንም፤ ዝናብ ነው እንዳለ ሞተ።

ቀጭኗ ለሃያ ምናምን ዓመት በቆሎዬን ጠበቀች። የምትጎርሰው ያችኑ የበቆሎ ፍሬ የምታክለውን ነው፤ ሳጣ እጠብቃለሁ እንጂ ከባዱን ሰጥቻት አላውቅም። ከመተኮሴ በፊት እጣራለሁ። ዝንጀሮው ሰምቶ ያመለጠኝ ብዙ ጊዜ ነው። አዴ ዘሃራ ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ከታች የሚመልሱልኝ የሸምሱ ልጆች ናቸው፤ ሦስት ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል፣ ዛፉም ስለሳሳ ከላይ ይታያል። ቢታይም እጣራለሁ።

ተራዬ ሲደርስ ከአግዳሚው ተነሣሁ።

«አሰቡበት አባባ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ጻፊ» አልኳት። «ታች ሰው አለ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀልድ መስሏት ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅኳት። ጻፈች። ወረቀቱን አዙሬ በጣቴ አንድ በአንድ ተከተልኩ። ፊደል የያዝኩት በማታ ትምህርት ስለሆነ ጊዜ ይወስድብኛል፣ ሰልፉም አጉረመረመ። ሌላ ነገር ጽፋ እንደሆነ ብዬ ነው። አልጻፈችም። ያልኩትን ነው የጻፈችው። ፈረምኩ።