ጋሼ ማመን ያቆሙበት ምክንያት

ከሃያ ዓመት በላይ ሰብኬያለሁ። «ሰው በእግዚአብሔር የማያምነው በትዕቢት ነው» ብዬ ስከራከር ማንም ረትቶኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ከመቱ ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ለጓደኛዬ ሳስረዳ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ።

«እኔ አላምንም፤ ግን ትዕቢተኛ አይደለሁም» አሉኝ።

ደስ አለኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ ያንን ደን ማን ተከለው?» አልኳቸው በመስኮቱ እያሳየሁ። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርኩ፤ ተሳፋሪውም ራሱን እየነቀነቀ አገዘኝ። እሳቸው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«እኔም አርባ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንዲት ሴት ልጄ በወሊድ ሞተችብኝ። ቀብሯ ላይ አንድ ወጣት ሰባኪ ተነስቶ ‹ይህ የወላጆች ኃጢአት ቅጣት ነው› አለ። እናቷ ያንን ሰምታ፣ እስክትሞት ድረስ ራሷን ስትከስ ኖረች። እንዲህ ላለ አምላክ አልሰግድም ብዬ ተውኩት።»

«ያ ሰባኪ ተሳስቷል! እግዚአብሔርን ጭራሽ አያውቀውም!» አልኩ ከልቤ ተናድጄ። «የት ነው ያለው? እኔ ራሴ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

«ከመቱ ጀምሮ ድምፅህን ስሰማ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «አንተ ነህ።»