ከሱቁ ጀርባ የበቀለው ነጭ ኦርኪድ

ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ፣ ሰዓት መጠገንም ሆነ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ ራሴን ያስተማርኩ እኔው ነኝ። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ካለው ሱቄ ጀርባ፣ ሣሩ መካከል ሁለት ነጭ አበቦች ሲወጡ ማንንም አልጠየቅሁም።

የግቢው ባለቤት ሱቁን የሚያከራዩኝ የዙሉ አሮጊት ናቸው። እኔ ጎጎ እላቸዋለሁ፣ አያቴ እንደ ማለት፤ እሳቸውም በአጸፋው ምኩሉ፣ ወንድ አያት እንደ ማለት፣ ይሉኛል። ዕድሜያችን እኩል ነው። ሣሩ ላይ የኪራይ ክፍል ሊሠሩ ጡብ አስመጥተው ነበር።

የሰዓት መጠገኛ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ከጀርሚስተን የገዛሁትን አሮጌ የዕፅዋት መጽሐፍ ይዤ ተንበረከክሁ። ከአበባው ቅጠሎች አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ምላስ ወርዷል፤ ከጀርባው እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁት። የዚሁ አገር የሜዳ ኦርኪድ ነበር። ከደንበኞቼ ዩኒቨርሲቲ የገባው እንኳ ቢያየው አያውቀውም። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ግን አላነበብኩም፤ ተክል ማዛወር ለእኔ አዲስ አይደለም።

እንሰት ተክለን ያደግን የደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ነን። እንሰት በየጊዜው ተነቅሎ ቦታ ይቀየርለታል፣ እበት ይጠግባል፤ በተዛወረ ቁጥር ይፋፋል። አንዱን ኦርኪድ እንደዚያው ነቀልኩት፤ አፈሩን አራግፌ የቀለም ባልዲ ውስጥ በእበት ተከልኩት። በሳምንቱ ሥሩ በሰበሰ። ያን ጊዜ ጽሑፉን አነበብኩ። ይህ አበባ የሚኖረው አፈሩ ውስጥ ካለ ፈንገስ ጋር ተረዳድቶ ነው፤ ካለበት አይነሣም ይላል።

ግንበኞቹ ሰኞ ሊጀምሩ ነው። እሑድ ጎጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ፣ የቀረው አበባ ላይ የሚያርፈውን ግድግዳ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንዲያስገቡት ለመንኳቸው።

«ምኩሉ፣ የማታውቀው ነገር የለም አይደል? እንደዚያኛው በባልዲ አዛውረዋ» አሉ።

«ያኛውን ገድዬዋለሁ፣ ጎጎ። ይሄም ከተነካ ይሞታል።»

እስከዚያ ቀን ተሳሳትኩ ስል ሰምተውኝ አያውቁም። ከዚያ ግንበኞቹ የወጠሩትን ክር በገዛ እጃቸው ነቅለው ወደ ውስጥ አስገቡት።

ክፍሉ አንድ እርምጃ ጠብቦ ተሠራ። ተከራዩ አልጋውን ካስገባ በኋላ በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈትለት። ሲያማርር ጎጎ ወደ እኔ ይልኩታል። መስኮቱ ጋ ወስጄ አበባውን አሳየዋለሁ፣ ባልዲውንም አሳየዋለሁ። በዚህ ሰፈር ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳው የለም።